ከዘይባ ሥር የወጡት ፊልሞች

ቡታጅራ፣ ኅዳር 1965 ዓ.ም.

ውድ ዶክተር ገሠሠ፤

«ውድ» ያልኩህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ስልህ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አንደበቴ እምቢ ብሎኛል።

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። በራጅ ፊልሞቹ ላይ ያሉትን ነጥቦች ጥቁረት እያመሳከርኩ የምለካባትን ቁራጭ ፊልም ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሚስቴ የሺመቤት አልጋ ላይ በዋለችበት ክረምት ፋኖስ አጠገብ ረስቻት በሙቀት ተኮማተረች። ከሣጥኑ ሌላ አወጣሁና ልኳ ከአሮጌዋ ጋር አንድ መሆኑን ሳላይ ሥራዬን ቀጠልኩ። ብታባርረኝ ሚስቴን በምን አሳክማለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ቤቴ ድረስ መጥተህ ያስተማርከኝን አልረሳሁትም። መድኃኒት ሻጯ ዘይባ ከሸጠችልህ የሆድ መድኃኒት ሥር ያወጣኸው ክሪስታል፣ ያ የስኳር ቅንጣት የመሰለው፣ የራጁን ጨረር ስለማይችል ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ለየፊልሙ ሌላ ቅንጣት ያስፈልጋል። አንዱ ፊልም ጠቁሮ፣ ሌላው ደብዝዞ ይወጣል። እኔ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትልካቸውን ፊልሞች ነጥብ በነጥብ እያየሁ ቁጥር እሰጣለሁ፤ አንተ ደግሞ በሁለት ፊልም ላይ የሚገኙትን ነጥቦች ይዘህ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ፊልም ልክ ታመጣለህ። «የመጀመሪያው ዳኛ ነው፤ ሌሎቹ ለሱ ያድራሉ» ትለኝ ነበር።

የኋለኞቹ ፊልሞች ከፊተኞቹ ጋር አልገጥም ሲሉ ከአዲስ አበባ ወርደህ ገበያ መካከል ዘይባ ላይ ጮህክባት።

«ሁለት ዓይነት ሥር ቀላቅለሽ ሰጠሽኝ!»

«ወላሂ ካንድ ጓሮ ነው የቆፈርኩት! ልጆቼን የማጠጣው እሱኑ ነው።»

«መሣሪያ አይዋሽም፣ ሴትዮ።»

«መሣሪያህ እኔ ጓሮ መቼ መጣና?»

ገበያተኛው ሳቀ። ሳቁ አንገበገበህና «አታላይ!» ብለሃት ሄድክ።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ተከትዬ ስለ መለኪያዋ ነገርኩህ። ትቆጣለህ ብዬ ነበር፤ ፈገግ አልክ።

«ገብቶኛል፣ አባ መስፈሪያ። ሌላ ሥር ቢሆን ነጥቦቹ ቦታ ይለውጡ ነበር። እነዚህ ቦታቸው ያው ነው፤ ሁሉም በእኩል ነው የደበዘዙት። ጥፋቱ የመለኪያህ ነው።»

«ታዲያ ሴትዮዋን ለምን ሰደቧት?»

«ሁሉን እንደ አዲስ ስናነብ የባሕር ማዶው ጉባኤ ያልፈናል። ሥሩ ተደባልቋል ብዬ ግማሹን ፊልም እጥላለሁ። አንተም አርፈህ ደሞዝህን ብላ።»

በላሁ።

አንተ ባሕር ማዶ ተጨበጨበልህ። እዚህ ግን «ዘይባ ሥር ትደባልቃለች» የሚለው ወሬ መስቃንን አዳርሶ ወልቂጤ ገባ። ሆዱን የሚቆርጠው ሰው እንኳ ደጇን አልፎ መሄድ ጀመረ።

የሺመቤትም ሕመሙ ሲጠናባት «ሀብቴ፣ ከዘይባ ሥር ትንሽ አምጣልኝ፤ ያስታግስልኝ ነበር» አለችኝ።

«ተደባልቋል ይላሉ ዶክተሩ» አልኳት።

እሷም «እንግዲያ ይቅር» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ያድናት ነበር ወይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ የማውቀው ስትቃትት ማደሯን ነው። ያንተን ውሸት ለሚስቴ ያጠጣሁ እኔ ነኝ።

እጠላሃለሁ፣ ገሠሠ። አቡነ ዘበሰማያት ስደግም «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ስምህን ዘልዬ አልፋለሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«እሱን ነው ወይስ ራስህን የጠላኸው?»

«ሁለታችንንም፣ አባ።»

«እንግዲያው ሁለታችሁንም ወስደህ ሴትዮዋ ፊት አቁም።»

ትናንት ገበያ ነበር። ሀጂ ሙሀመድሰይድ ከመስቃን ሽማግሌዎች ጋር ወደተቀመጡበት ሄድኩ፤ ዘይባን አስጠራኋት። ቆሜ ያንተንም የኔንም ሥራ ሳላስቀር ተናገርኩ። ሀጂ «እስከ ዛሬ ምላስህ የት ነበረች?» አሉኝ።

ዘይባ አላለቀሰችም፣ አልመረቀችኝም።

«ለሚስትህም ከለከልካት?»

«አዎ» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ከዚያ «እዚህ የሰማው ስንት ሰው ነው? ዶክተርህ እኔን የሰደበኝ እዚያ ነው» ብላ በእጇ ወደ ገበያው አሳየችኝ።

ሄድኩ። በርበሬ ሻጮቹ መካከል፣ አንተ በቆምክበት ቦታ ቆሜ፣ በድምፄ ሙሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩት።

ሀብተወልድ