ከገጽ አራት ጀምሮ ቤታቸውን ስለለቀቁት ትርጉሞች

ለተከበሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለወገብዎ፤ ምክንያቱም ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጉዳዬን ላስረዳ አራት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ አራት ጊዜም ስብሰባ እንደተቀመጡ ነግራኛለች፤ ይህን ያህል መቀመጥ ደግሞ ለማንም ወገብ አይበጅም።

እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት «ፈጣኑ» የሚል ታፔላ የሰቀልኩ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ፤ ሰፈሩም ስሜን ትቶ «ፈጣኑ» እያለ ይጠራኛል። በዓመቱ መጀመሪያ እርስዎ ከመዝገበ ቃላት እየለቀሙ በገዛ እጅዎ በቀይ ደብተር ላይ የጻፏቸውን ስድስት መቶ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በግራ ቃሉን፣ በቀኝ የአማርኛ ትርጉሙን አድርጌ በሠንጠረዥ የተየብኩት፣ ጠርዤም ለሦስት መቶ ዐሥራ ሦስቱ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከእነርሱ አንዷ ልጄ ናት። ሥራውን በአንድ ሳምንት ስለጨረስኩም የምስጋና ወረቀት ሰጥተውኝ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ደንበኛ ሳያነበው እንዳይወጣም የመጠበቂያውን ወንበር ወደዚያ አዙሬዋለሁ።

ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ቅር እንዳይሰኙ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በራሴ ላይ ናቸው።

1. ቃላቱን ቀድሜ ጨርሼ ትርጉሞቹን ስሞላ፣ ገጽ አራት ላይ አንድ ደንበኛ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ ገባ። እሱን ሸኝቼ ስመለስ አንድ ትርጉም ዘለልኩ። ከዚያ በታች ያሉት ትርጉሞች በሙሉ አንዳንድ መስመር ወደ ላይ ወጡና እያንዳንዱ ቃል የጎረቤቱን ትርጉም ይዞ ቀረ። ለምሳሌ «ቤሊጀረንት» ማለት ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚል ሰው መሆኑ ቀርቶ፣ ከበታቹ ያለውን ትርጉም ወስዶ «ደግና ቸር» ሆነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን አፍስሼ ሳልለቅም ጠረዝኩት።

2. በዚህም የተነሳ የመጨረሻው ቃል «ዜፊር» ባዶ ሳጥን ይዞ ቀረ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ያጣራ ነበር። እኔ ባዶ ሳጥን ስለማልወድ፣ በ«ዜ» የሚጀምር የማውቀው እንግሊዝኛም አንድ ብቻ ስለሆነ፣ «የሜዳ አህያ» ብዬ ሞላሁት። ትክክለኛው ትርጉም «ለስላሳ ነፋስ» ነው አሉ። እርስዎም በደብተርዎ ላይ የጻፉት ይህንኑ ነበር፤ እኔም ተይቤዋለሁ፣ ግን ከበላዩ ላለው ቃል።

3. ልጄ መጽሐፉ በተሰጣት ሳምንት የአክስቷን አሮጌ መዝገበ ቃላት ይዛ ሱቅ መጣችና፣ አባዬ፣ ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም አለችኝ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ የምስጋናውን ወረቀት በጣቴ እያሳየሁ፣ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ከአንቺ አያንሱም፣ የተጻፈውን አጥኚ ብዬ ገሠጽኳት። መዝገበ ቃላቷን ብብቷ ሥር ወሽቃ ወጣች። ከሠራሁት ሁሉ እንደዚህ ያንገበገበኝ የለም።

4. ከዚህ በኋላ ያለው ወደ እርስዎ ነው፤ እባክዎ አይነሱ። በመጽሐፉ ጀርባ «በሦስት መምህራን ታርሟል» ይላል፤ ሦስቱም ፈርመዋል። የላኩልኝ እርማት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሽፋኑ ላይ ያለው የእርስዎ ስም በትልቁ ይጻፍ የሚል ነው። የቃላት ፈተናው መልስ እንዳለ ከዚሁ መጽሐፍ ተወሰደ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አለፉ። ልጄ ከሃምሳው ዘጠኝ አገኘች፤ ዘጠኙም ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች የወጡ ናቸው። «ለስላሳ ነፋስ» ብላ የጻፈችበት ላይ ቀይ ኤክስ ተደርጎ፣ ከጎኑ «በርትተሽ አጥኚ» የሚል አባታዊ ምክር ሰፍሯል። ባወጡት ደንብ መሠረት ደግሞ ይህን ፈተና ያላለፈ ተማሪ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አይገባም።

5. በአምስተኛው ምልልሴ ቀንቶኝ ስገባ ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናዘዝኩ። እርስዎም በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ ስህተት ቢሆን ኖሮ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ልጅ እንዴት ያልፋል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው እጅግ ጥልቅ ስለሆነ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ቀጥለውም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ነገሩ ከተነሳ ሁሉም እንደገና ሊፈተኑ ነው፣ ካልተነሳ ግን የምትጎዳው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን፣ እርሷም ሰኞ በሚሰጣት ድጋሚ ፈተና መጽሐፉ ላይ ያለውን ጽፋ ትለፍ አሉኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ምስጋናዬንም ሳልገልጽ ብቀር ነውር ነው። በወላጆች ቀን አንዲት ተማሪ በእንግሊዝኛ ንግግር ስታደርግ እርስዎን «ቤሊጀረንት አባታችን» ብላ ስታወድስዎት፣ ከመቀመጫዎ ተነስተው እጅ ስለነሱን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ የእጄ ሥራ መሆኑን ግን ያን ቀን አላወቅሁም።

ቤት ገብቼ ምክርዎን ለልጄ አደረስኩ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ አንተስ የቱን ጻፊ ትለኛለህ ብላ ጠየቀችኝ። ፈጣኑ የተባልኩት ሰውዬ ለመልሱ ብዙ ቆየሁ። የምታውቂውን ጻፊ አልኳት። እንግዲህ ሰኞ የምታውቀውን ትጽፋለች፤ መልሱ ከመጽሐፉ ከተወሰደ ትወድቃለች፤ ዓመቷም ይቃጠላል። ስለዚህ ወረቀቷ በመጽሐፉ ሳይሆን በእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ይታረምልኝ። ቀይ ደብተርዎን ሳይወስዱት እኔ ዘንድ ተቀምጧል፤ ስድስት መቶውም ቃል ከነትርጉሙ፣ በየገጹም ፊርማዎ አለበት። የአንደኛውን ፈተናዋን ከእርሱ ጋር ሳመሳክር ከሃምሳ አርባ ዘጠኝ አገኘች፤ ጥፋቴንም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ራሴን ብፈትን ስድስት አገኘሁ።

ሁሉም ተማሪ እንዲጠቀም የደብተሩን ገጾች ኮፒ አድርጌ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ በሱቄ መስታወት ላይ ለጥፌአለሁ። የምስጋና ወረቀቱንም አውርጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ፤ ያለ አግባብ የተሰጠኝ ነውና።

የታዛዥነቱን ልክ ከነስህተቱ የሚያውቁት፣ ትእዛዝዎን ሳያነብ የሚተይብ፣
ፈጣኑ፣ ከበሩ ፊት ለፊት

ማስታወሻ፦ እንደ ቀድሞው እንዳልሳሳት ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለልጄ ሰጥቼ አሳርሜዋለሁ። ሦስት ስህተት አገኘችበት። ሁለቱን አስተካከለች፤ ሦስተኛውን፣ ከማዕረግዎ ጋር የጻፍኩትን «የተከበሩ» የሚለውን ቃል፣ እስከ ሰኞ ይቆይ ብላ ትታዋለች።