በ«ና» ፈንታ «ር»

ውድ ልጄ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም፤ ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት እንደከለከለሽ እሁድ በስልክ ነግረሽኛል። ይህን ግን በስልክ መናገር አቃተኝ። ስንት እሁድ ልነግርሽ አስቤ፣ ስለ አየሩ ብቻ አውርተን ዘግተናል።

ቅዳሜ ልጅሽ መጥታ ነበር። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ አልጋዬ ላይ ተዘረረች።

«ምነው የኔ እመቤት?» አልኳት።

«እማዬ መርከቡ ላይ አትሄጂም አለችኝ።»

«ምን ብላ?»

«‹ይቅርሽ› ብላ! ሌላ ቃል የላትም እኮ፣ አያቴ። ለምን ስላት ይቅርሽ፣ የስድስት ወር ልምምድ ብቻ ነው ስላት ይቅርሽ። እሷ ራሷ የት ሄዳ ታውቃለች?»

«ተይ እንጂ፣ እናትሽ ናት።»

«አንቺስ? አንቺ የት ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

ምን ልበላት? ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ የሰው አንሶላ ተኩሻለሁ። ባሕር የሚባለውን በሥዕል ነው የማውቀው። ያቺ ቃል ግን ከማን አፍ ወደ አንቺ እንደተሻገረች አውቃለሁ።

ቀያሾቹ ሊወስዱሽ የነበረበትን ሳምንት አትረሺውም። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራና በረሃ እየዞራችሁ መሬት ልትለኩ። «ከወንድ ጋር ድንኳን ውስጥ ልታድሪ?» ስልሽ፣ «እማዬ፣ ድንኳኑ አንድ አይደለም፤ ደግሞ ያንኮራፋሉ አሉ፣ ማን ይጠጋቸዋል?» አልሽኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ሳምንቱን ሙሉ ተኮራርፈን ከረምን።

በመጨረሻው ቀን ልቤ ራራ። ያኔ በምሳ ሰዓት፣ በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ፊደል መማር ከጀመርኩ አራተኛ ወሬ ነበር። መምህሯን «ልጅ መንገድ ስትሄድ ምን ተብሎ ይጻፍላታል?» ብዬ ጠየቅኋት። «‹ይቅናሽ› ይበሏት፣ እትዬ» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት አንቺ ሳትነሺ ወረቀት ላይ ጻፍኩና ቦርሳሽ ማንገቻ ላይ ሰክቼልሽ ወደ ሥራ ሄድኩ። በሕይወቴ ለሰው የጻፍኩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ከሥራ ስመለስ ባዶ ቤት ይጠብቀኛል ብዬ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ስገባ ልብስሽን ከቦርሳው እያወጣሽ መደርደሪያው ላይ ትመልሻለሽ።

«እሺ፣ ቀርቻለሁ» አልሽኝ ሳታዪኝ። «ፊደል የተማርሽው እኔን ለማስቀረት ከሆነ ተሳክቶልሻል።»

አልገባኝም። «ምን ማለትሽ ነው?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ደስታዬ እንዳይፈስብኝ ፈርቼ «ምሳ በልተሻል?» አልኩሽ።

አንቺ በቀረሽ በሦስተኛው ሳምንት መምህሯ ቃላት አስጻፈችን። ደብተሬን አየችና መሳቅ ጀመረች። «እትዬ፣ ‹ይቅናሽ› ስል ‹ይቅርሽ› ይጽፋሉ? በ‹ና› ፈንታ ‹ር›! እንዲህ ከሆነማ መንገደኛውን ሁሉ አስቀሩት!»

«እባክሽ ለባሌም ጻፊልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠፋ አስቸገረኝ» አለች ከጎኔ የተቀመጠችው አጣቢ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ቦርሳሽ ላይ የሰካሁት ወረቀት ትዝ አለኝ።

ፊደሎቹ ተምታተውብኝ አይደለም፣ ልጄ። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ዛፍ ልውጣ ስትይ፣ ዋና ልማር ስትይ፣ ሃያ ዓመት አፌ የለመደውን ነው እጄ የጻፈው።

እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስህተት አይደለም። ሁለተኛው የቀያሾች ቡድን በወሩ መጨረሻ ይነሳል ተብሎ ነበር፤ አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። አንቺ ደግሞ ኩርፊያሽ እየበረደ፣ ከእኔ ጋር እየበላሽ፣ እየሳቅሽ መጣሽ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም ነገ አልኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ነው ያልኩት።

ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሌሎች በእግራቸው የለኩትን ተራራ አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ካርታ ላይ ትገለብጪያለሽ። አንድ ቀን ቢሮሽ ብመጣ ጣትሽን ካርታው ላይ አሳርፈሽ «ይሄኛው የኛ ቡድን ድርሻ ነበር» አልሽኝ። ያን ቀን እንኳ አልተናገርኩም። እኔ ለልጄ ያሳየኋት አንድ ነገር መቅረትን ነው። አንቺም ያየሽውን ለልጅሽ ብታሳዪ አልፈርድብሽም፤ ማንን አይተሽ?

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። አሥር ቀን ሙሉ ነበረኝ።

የመርከቡን ፎርም ልጅሽ እኔ ዘንድ ትታው ሄዳለች። «አንቺ ፈርሚልኝ፣ አያቴ» ብላ ለመነችኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እጄ አንድ ጊዜ በሰው ዕድሜ ላይ ጽፏል፤ ይበቃዋል። «የወላጅ ፊርማ» የሚለው ቦታ ያንቺ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌ በጎረቤቴ በሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ።

እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ፣ ከፈለግሽ ዓይንሽን አልይ በዪኝ። ከእኔ ጋር መጣላቱ ግን ይደርሳል፤ ፎርሙ ሐሙስ ይዘጋል። መጀመሪያ ፈርሚላት።

እናትሽ