«ጥርስህን አሳየኝ» ያልክ ቀን

አያሌው፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። ነፍስህን ይማር እላለሁ፤ ቁጣዬ ግን አልበረደም። በሙት ላይ ክፉ አይወራም እያሉ አፌን ይዘጉኛል፤ ስለዚህ ለራስህ እጽፍልሃለሁ።

ልጅህ ዘጠነኛ ክፍል አልፋለች። የጓሮውን ጌሾ ውርጭ መታው። እዚህ ሉማሜ ያለውን ቪዲዮ ቤትህን ወንድምህ ሞላ ይዞታል።

የዚያን ደም መጣጭ ፊልም ክፍሎች ለተመልካቾችህ በማይክ ስትተረጉም አስታውሳለሁ። ጋቢዬን እንደ ካባ ደርበህ ቤት ውስጥ እየተንጎራደድክ ትለማመድ ነበር። በአምስተኛው ክፍል ልቡ ላይ እንጨት ተተክሎበት የሞተው ሰውዬ በስድስተኛው ሲነሳ፣ እንደ ጎጃም ባላባት «ማነው የቀሰቀሰኝ!» ታሰኘው ነበር። በሳቅ ትገድለኝ ነበር።

ስድስተኛው ላይ ለዚያ ሰውዬ ደም በከረጢት የሚሰበስብ ሐኪም አለ። አንተ ማይኩን ይዘህ «ይሄ በየዓመቱ ትምህርት ቤታችን የሚመጣው አይደለም እንዴ? እስቲ ጥርስህን አሳየኝ!» አልክ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ፊልሙ የፈረንጅ ነው፤ ያቺ ነገር ግን ያንተ ናት። ከዚያ ወዲህ ለሕሙማን ደም የሚሰበስቡት የደም ባንክ ሰዎች ሲመጡ ሰው በዚችው ቃል ያባርራቸው ጀመር። ነገርኩህ። «ቀልድ ነው ባክሽ» አልከኝ።

ከአምበር ስትመለስ ባጃጁ ተገለበጠ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስንህ። ሐኪሙ ወጥቶ ደም የሚሰጥ ዘመድ ጠየቀ። መጀመሪያ እኔ ክንዴን ዘረጋሁ፤ ደሜ አልገጠመህም። ዘመዶችህ ግድግዳ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ሞላ እግር ላይ ወደቅሁ። «እታለም፣ ወንድሜ ራሱ ያለውን ረሳሽው? ደሜ የት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?» አለኝ። የሰጠህ ያመጣን የሚኒባስ ሹፌር ብቻ ነው፤ የአማኑኤል ከተማ ሰው፣ ቪዲዮ ቤትህን ረግጦ የማያውቅ። አልበቃህም።

በቀብርህ ቀን ከሁሉ በላይ ያለቀሰው ሞላ ነው። አሁን ያንኑ ስድስተኛ ክፍል በተቀዳው ድምፅህ ያሳያል። ደም ሰብሳቢዎቹ ሰኞ ይመጣሉ መባሉን ሲሰማ፣ ፊልሙን እንደሚያሳይ ቅዳሜ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ አስለፈፈ። ቪዲዮ ቤቱ ገባሁ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሰው ሁሉ ከድምፅህ ጋር እኩል ተናገራት፤ በቃሉ ያውቃታል። ተነስቼ ማጫወቻውን አጠፋሁት።

«ይህን የሚለው ባሌ ነው። ደም አጥቶ ነው የሞተው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ዘመዶቹ አንድም የሰጠው የለም» አልኩ።

ሞላ «እታለም፣ ገበያዬን አትዝጊብኝ» አለ። ከኋላ አንዱ «እስቲ አንቺም ጥርስሽን አሳይን!» ሲል ቤቱ ሳቀ። አያሌው፣ በሞትህ ላይ ባንተው ቀልድ ሳቁ። አንተም ድምፅህ እዚያ ሳጥን ውስጥ ታስሮ፣ ልትከለክላቸው አልቻልክም።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ስምህን እየጠራሁ እንዴት እንደሞትክ ላለፈ ላገደመው እናገራለሁ። ሞላም ቢያልፍ ይሰማል። ይሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ድረስ ስምህ ከአፌ አይወርድም።

ሚስትህ ሙሉ