ጭላዳዎቹ ጥለውት የሄዱት ገደል

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ ወገቧን ተሻላት? ልጆቹስ? እኛ እስካሁን ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። «እስካሁን» ያልኩህ ወድጄ አይደለም።

የድንጋዩ ሥራ ዘንድሮ ቀንቶናል። እንደምታውቀው እዚህ ለበሬ መቆሚያ የሚሆን ሜዳ የለም፤ የምንበላው ከዚያ ገደል ተፈንቅሎ በመኪናህ ወደ ዳባት የሚሄደው ድንጋይ ነው። ድሮ ባሌ ደስታው አንዱን ለማላቀቅ ግማሽ ቀን ይታገል ነበር። አሁን ዲጅኖው ገና ሲነካው ይለቃል። እሱና ጓደኞቹ እግዜር ራራልን ብለው ደስ ብሏቸዋል። እኔን ግን ፍርሃት ይዞኛል። ከላይ ጓሳ ላጭድ ወጥቼ ገደሉ ተሰንጥቆ አየሁ፤ እጄን ባስገባው እስከ ክርኔ ገባ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹም ሄደዋል። ሲመሽ ገደሉ ላይ ተለጣጥፈው ነበር የሚያድሩት፤ አሁን ማደሪያቸው ከወንዙ ማዶ ሆኗል። ለደስታው ብነግረው፣ ነብር አባሯቸው ይሆናል ብሎ ሳቀብኝ። አባታችን ድንጋይ ተጭኖት የሞተበት ዓመትም እንዲሁ ሄደው ነበር፤ አብረኸው ትሠራ ስለነበር አትረሳውም። የዚያን ዕለት ግን አንተ ገበያ ብለህ ደባርቅ ወጥተህ ነበር። እንኳንም ወጣህ ስል ኖሬአለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናህ ሁልጊዜ ገደሉ ሥር ድረስ ገብታ ነበር የምትጭነው። ካለፈው ኪዳነ ምሕረት ወዲህ ሹፌርህ ቻላቸው አስፋልቱ ላይ ያቆማታል፤ ድንጋዩን በበቅሎ ነው የሚያወጡለት። ምነው ስለው መንገዱ ተበላሽቷል አለኝ። ምሳ የማደርስበት መንገድ ነው፤ ምንም አልሆነም። አጥብቄ ስይዘው፣ ወደ ገደሉ እንዳያስጠጋት ያዘዝከው አንተ መሆንህን ነገረኝ። ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ይህንንም ለደስታው ነገርኩት። ወንድምሽ አደጋ ቢያይ ኖሮ ከመኪናው በፊት ለእኛ ይነግረን ነበር ብሎ ተቆጣኝ። ካንተ አፍ ካልሰማው ከገደሉ ሥር አይወጣም።

ስለዚህ ቶሎ ና። ከነገ ጀምሮ ምሳውን አድርሼ አልመለስም፤ ገደሉ ሥር አብሬው እውላለሁ። ስትመጣ መኪናህን አስፋልቱ ላይ ተዋትና በእግርህ ግባ።

እመቤታችን ልጆችህን ታሳድግልህ፣ ቤትህን ትጠብቅልህ። መኪናህንስ አንተው ጠብቀሃታል።

አንዲት የቀረሁህ እህትህ