ስለ ስድስቱ የአሌክሳንድሪያ ድምፆች

ለተከበሩ አቶ ልሳነወርቅ፣ የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን ማኅበራችን አስመራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከቅዳሜው ምርጫ ወዲህ ደም ግፊትዎ እንዴት ሰነበተ? እኔ በሳቅ ብዛት ጎኔን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።

ስምንት ወር ያልሞላውን ማኅበራችንን «ወጣት ሪፐብሊክ» ብለው የሰየሙት እርስዎ ነዎት። ሪፐብሊክ ያለ ምርጫ ውዝግብ አያምርበትምና፣ በመጀመሪያው የፕሬዚዳንት ምርጫችን ይህንኑ ስላሟሉልን አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት፣ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ጡረተኛዋ ነርስ ወ/ሮ ሃይማኖት፣ ከተመረጡ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎችን ብቻ የሚያመላልሰው የማኅበሩ ቫን ከወንዝ ማዶ ላለነው ለእኛም ለአሌክሳንድሪያዎቹ እንደሚደርስ ቃል ገብተው ነበር። እኔ የሚያደርሰኝ አጥቼ የዓይን ሐኪም አፖይንትመንቴ ሁለቴ አልፎብኛል።

ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1. የቤልትዌይ አውራ ጎዳና ተዘጋግቶብን ስድስታችን የአሌክሳንድሪያ ሰዎች አሥር ደቂቃ ብንዘገይም፣ በፈገግታ ተቀብለው ስላስመረጡን እግዜር ይስጥልኝ።

2. ወ/ሮ ሃይማኖት ተፎካካሪያቸውን መምህር ሠረቀብርሃንን ሠላሳ አራት ለሠላሳ ሲያሸንፉ ግን፣ እርስዎ ወደ ኩሽና ገብተው ሲመለሱ «ከወንዝ ማዶ የመጣ ድምፅ አይቆጠርም» የሚል ደንብ ይዘው ወጡ። ደንቡ በፒዛ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ መጻፉ ክብሩን አልቀነሰውም።

3. ተነሥቼ ስቃወም «እትዬ ጸዳለ፣ ዓይንዎን ስለሚያምዎት ቆጠራው አይታይዎትም» ስላሉኝ፣ ለጤናዬ ያለዎትን አሳቢነት አደንቃለሁ።

ከዚያ የስድስታችንን ድምፅ ቀንሰው፣ መምህር ሠረቀብርሃንን «ሠላሳ ለሃያ ስምንት አሸንፈዋል፣ ቃለ መሐላ ይፈጽሙ» ብለው ጠሯቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልሳነወርቅ» አሉ፣ «እኔ ራሴ የመረጥኩት እኮ እሷን ነው!»

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ጊዜውን ፊትዎን ለዘላለም አልረሳውም። ሰው በሳቅ ወንበር ላይ ተንከባለለ፤ እልልታው ቀለጠ፤ መምህርም ወ/ሮ ሃይማኖትን እጃቸውን ይዘው ወስደው የፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። እርስዎ የመሐላውን ወረቀት እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ማክሰኞ ጠዋት ቫኑ ደጃፌ ድረስ መጥቶ ሐኪም ቤት አደረሰኝ።

ለወጣቷ ሪፐብሊክ ስለከፈሉት መሥዋዕትነት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ከወንዝ ማዶ፣

ያልተቆጠረችው ጸዳለ

ማስታወሻ፦ ባለቤትዎ ወ/ሮ አብርሆት ማንን እንደመረጡ እርስዎ እያጠያየቁ ነው ሲባል ሰማሁ። እኔ ምስጢር አላወጣም። ብቻ ከእልልታው ሁሉ የማን ድምፅ ጎልቶ ይሰማ እንደነበር ቢያስታውሱ ይበቃል።