ለየቤቱ አምስት ሰው

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ ጣይባ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። ጤናሽን፣ የወንድምሽን ቤት፣ የእናትሽን ወገብ በየተራው መጠየቅ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ለሰላምታ የሚሆን ትዕግሥት የለኝም። ከተቀመጥኩ አንድ ሰዓት አልሞላኝም፣ አራት ጊዜ ተነሥቼ በሩን ከፍቼ ዘግቻለሁ። በኮምቦልቻ ሙቀት ላሳብብ ነበር፤ ሙቀቱ ምን አደረገ።

ሦስት ዓመት ተኩል ድምፁን አጥፍቶ ዛሬ ምን አስታወሰው ትይ ይሆናል። ያንቺን ድምፅ ሰማሁ። ሰኔ ውስጥ ነው፤ ከትምህርት ቤት ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሬዲዮኑ የብሔራዊ ሸንጎውን የበጀት ስብሰባ ያስተላልፋል፤ ልብ ብሎ የሚያዳምጥ የለም፣ ሾፌሮቹ ስለ ሐረጎ ዳገት ጭቃ ያወራሉ። "ከኩታበር የተመረጡት ጓድ ጣይባ እንድሪስ" ሲል ሻዬን ትቼ ሬዲዮኑ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ባለቤቱ "ምነው መምህር፣ ዛሬ ሹመትህ ሊነገር ነው እንዴ?" ብሎ አሾፈብኝ።

አነጋገርሽ ያው ነው፤ አልተለወጥሽም። "የገንዘብ ሚኒስቴር ለሾላ ምንጭ ክሊኒክ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ብር ያልያዘው በምን ምክንያት ነው? ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መርፌ ለመወጋት ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄዳል" አልሽ። ከሚኒስቴሩ የመጣው ሰውዬ ትሑት ነበር፣ ክፉ አልተናገረሽም። ከሁለት ሺህ ሕዝብ በታች ላለው ገበሬ ማኅበር ክሊኒክ በበጀት አይያዝም አለ። "በቆጠራው መሠረት የሾላ ምንጭ ሕዝብ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ነው። ጓድ ተመራጯ የጠሩት ቁጥር ከየት እንደመጣ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።" አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ። አንቺ ግን "በእጄ የወጋሁት ሰው ነው፣ አልሳሳትም" አልሽና ተቀመጥሽ።

አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ። ጣይባ፣ ያንን ቁጥር የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ግንቦት 76ን ታስታውሻለሽ፤ መምህራኑን ሁሉ ለሕዝብ ቆጠራው አሰማሩን። ለእኔ ሾላ ምንጭ ደረሰኝ። አንቺ ከአራት ወር በፊት የማጅራት ገትር ክትባት ይዘሽ ያንኑ አገር ቤት ለቤት ዞረሽው ስለነበር "ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፣ አብሽር" ብለሽ ሸኘሽኝ። ጨዋስ ጨዋ ናቸው። ግን አንቺ ክንድ ስጡኝ ብለሽ ነው የገባሽው፤ እኔ ልጆቻችሁን ቁጠሩልኝ ብዬ ገባሁ። የእኛ አገር እናት ደግሞ ልጇን እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ። "ስንት ልጅ አለሽ?" ስላት "አላህ የሰጠኝ አሉ" ትላለች። ከጎታው ጀርባ ሲያስነጥሱ እሰማለሁ፣ እሷ ፊቷን ወደ ምድጃው ታዞራለች። ምን ልበላት? የእኔም እናት እስካሁን አልቆጠረችንም።

በሁለተኛው ቀን ሸህ የሱፍ መስጊዱ አጥር ሥር አስቀመጡኝ። "ልጄ፣ አትድከም። ሲቆጠር ይጎድላል ብለው ይፈራሉ። ጭስ የሚወጣበትን ቤት ቁጠርና ሂድ" አሉኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ተቆጣጣሪዬን መጥራት ነበረብኝ። ተቆጣጣሪው ኩታበር ነው፣ ሄዶ እሱን ይዞ መመለስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ዕለቱ ሐሙስ ነው። አርብ ከሰዓት ደግሞ አንቺ ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወርደሽ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አክስትሽ ቤት ልትጠብቂኝ ተቀጣጥረናል። እንግዲህ ይኸው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሦስት መቶ ሃያ ስምንት ቤት ነበር። ለየቤቱ አምስት ሰው ሰጠሁት፤ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጅ። ቅጹ ስም ስለሚጠይቅ ስምም ፈጠርኩ። ሰይድ፣ መርየም፣ ሀምዱ። ቀጥሎ ሀምዱ፣ መርየም፣ ሰይድ። ስም ሲያልቅብኝ የተማሪዎቼን እጽፍ ነበር። አርብ ቧንቧ ውሃ ስደርስ "እንዴት ቶሎ ጨረስክ? ጎበዝ ነህ" ብለሽ ከአክስትሽ ፊት አሞገስሽኝ፣ እኔም ተሞገስኩ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ከዚያ 77 መጣ። አንቺ ለሥልጠና አዲስ አበባ ነበርሽ። ኅዳር ላይ ደሴ ውስጥ ሞላ የሚባል ሾፌር፣ የእርዳታ ስንዴ ጭኖ በዚያ መስመር የሚመላለስ፣ እያማረረ ሲያወራ ሰማሁት። "ሾላ ምንጭ ሰዉ ከወረቀቱ በላይ ሆነብን" አለ። "ወረቀቱ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ይላል፣ የተሰለፈው ሌላ ነው። ከሌላ አገር መጥተው ሊያጭበረብሩ ነው ተባለና ትርፉ ተመለሰ።" ትርፉ ነው ያለው ጣይባ። በሬሽን ዝርዝሩ ላይ የነበሩት የእኔ ሰይዶችና መርየሞች ናቸው፤ ስማቸው ያልተጠራው እነዚያ ከጎታ ጀርባ ያስነጥሱ የነበሩት ናቸው።

ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ ፈራሁ። "ያን ጊዜ ለአንዲት ቃል ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ" ብዬ እንዳልከራከርሽ እኔም አንቺም እናውቃለን፤ አንቺ ብትሆኚ ትሄጂ ነበር። ለደብዳቤሽ መልስ መስጠት አቆምኩ። ወደ ኮምቦልቻ ዝውውር ጠየቅሁ። ሌላ ሴት ይዞ ነው ብለሽ ለወንድምሽ ለሙሄዲን እንደነገርሽው ሰምቻለሁ። ሌላ ሴት አልያዝኩም። ምነው በያዝኩ እያልኩ የተመኘሁበት ቀን ግን አለ፤ እሱ ይቀል ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሙሄዲን ከደሴ ወርዶ ትምህርት ቤት ድረስ መጣብኝ። ኩርፊያውን ዋጥ አድርጎ ነው የመጣው፤ ወንድም ምን ያድርግ። የቁጥርሽን ምንጭ እስከ ነሐሴ አንድ ለኮሚቴ በጽሑፍ እንድታቀርቢ መታዘዝሽን፣ የክትባት መዝገብሽን የግል ደብተር ነው ብለው እንደመለሱት፣ ማስረጃ ካላመጣሽ ከተመራጭነትም ከሥራም እንደምትነሺ ነገረኝ። "አንተ እዚያ አገር ቆጥረህ የለም ወይ? እውነቷን ነው ብለህ መስክርላት" አለኝ። የሚለምነው ማንን እንደሆነ አያውቅም። እሺ አልኩት። በነጋታው ደብተር ገዝቼ ወደ ኩታበር ተሳፈርኩ።

አሳቤ ቀላል ነበር። ደግሜ በደንብ እቆጥራለሁ፣ ቁጥርሽ ይገኛል፣ አንቺ ትድኛለሽ፣ የእኔም ነገር ተድበስብሶ ያልፋል። የመጨረሻዋን ነገር ለራሴም አልነገርኳትም፤ አሁን ስጽፍ ነው የታወቀችኝ። ሸህ የሱፍ ዓይናቸው ደክሟል። "ሸህ፣ ዘንድሮስ ሰዉን ራሱን ልቆጥር ነው የመጣሁት፤ ይፍቀዱልኝ" አልኳቸው። "ግባ፣ ቁጠር" አሉኝ። "ከጎታ ጀርባ የሚደበቅ ብዙ የለም።" ሦስት ቀን ዞርኩ። እናቶቹ አሁንም ቁጥር አልነገሩኝም፣ ልጆቻቸውን ደጅ አውጥተው እኔው እንዳይ ተዉኝ። ወደ ሰፈራ የተወሰዱት ሁለት መቶ አርባ ናቸው። ሦስተኛው ቀን ላይ ደምሬ የደረስኩበት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ አንድ ነው።

ደግሜ ደመርኩ። ያው ነው። የዋሸሁት ቁጥር፣ በአሥራ አንድ ሰው ልዩነት፣ እውነት ሆኖ ጠበቀኝ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ፈንታሁን ደህና ሰው ነው፣ ለክፋት አይደለም። አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና "ሁለት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት አይደል የምትፈልገው? ጻፈዋ። ማኅተሙ እኔ ዘንድ ነው። ክሊኒኩም ይመጣል፣ ልጅቷም ከጣጣ ትወጣለች፤ ማን ይጎዳል?" አለኝ። ስምሽን አሰብኩ። ብዕሬን አወጣሁና መጻፍ ጀመርኩ፤ እየጻፍኩም ለራሴ በድምፅ እለው ነበር መሰለኝ። አሥራ አንድ ስም ጽፌያለሁ።

እትዬ ከሪማ የምትባል ሴት ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "ሰይድ ያልከው የማን ልጅ ነው?" አለችኝ።

"የማንም አይደለም እትዬ፣ ዝም ብሎ ስም ነው" አልኳት።

"እኔ ሰይድ አለኝ። እሱን ጻፍልኝ" አለች። "በታኅሣሥ ነው የሄደው። ከእሱ በፊት ኡሙሰልማ፣ ከእሱ በኋላ ትንሹ፣ ጡት ያልጣለው።"

"የሞተ ሰው በቆጠራ አይገባም" አልኳት።

"በሕይወት ያለውን ነው እኛ የማንቆጥረው። የሞተውማ ከእንግዲህ ምን ይሆናል? ሦስት ናቸው፤ ጻፍ።"

በዚያ አገር እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ስትናገር ሰማሁ። አሥራ አንዱን ስም የጻፍኩበትን ገጽ ቀደድኩት፤ ፈንታሁን አየኝና ማኅተሙን ኪሱ መለሰው። ከዚያ ወሬው ተዳረሰና ሴቶቹ ይመጡ ጀመር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ስም፣ ዕድሜ፣ የሄደበት ወር። አባይነሽ የምትባለው አምስት ነገረችኝ፣ ሳታቋርጥ። ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆነ። በሕይወት ባሉት ላይ እነዚህንና ወደ ሰፈራ የተወሰዱትን ጨምሪ፣ በአራቱ ዓመት የተወለዱትን ዘጠና ቀንሺ፤ ያንቺ ቁጥር አንድም ሳይጎድል ይመጣል። አልተሳሳትሽም፤ የወጋሽውን ሁሉ በትክክል ነው የጻፍሽው።

ሸህ የሱፍ ሲሸኙኝ "ልጆቹን ደብቁ ያልነው እኛ ነን፣ ብቻህን አትሸከመው" አሉኝ። ሊያሳርፉኝ ነው፤ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን እሳቸው ሰው ደበቁ፤ እኔ ሰው ፈጠርኩ። ሁለቱ አንድ አይደለም፣ ወላሂ አይደለም።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዝርዝሩን ልኬልሻለሁ። የእኔም ቃል፣ የጻፍኩትና የፈረምኩበት፣ አብሮ አለ። ሰኞ ጠዋት ደሴ ወጥቼ ያንኑ ለኮሚቴው ራሴ እሰጣለሁ፤ ከሌላ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ላንቺ ያስቀደምኩት። ኮሚቴው አዲሱን ቁጥር አይቶ "ይኸው፣ ሚኒስቴሩ ልክ ነበር" ብሎ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። እንዳትለቂ። ስለ ክሊኒኩ የጠየቅሽው ጥያቄ ደህና ነበር፤ አሁን የሚጠየቀው ግን ስንዴው በየትኛው ቁጥር እንደተሰፈረ ነው። ከየት አመጣሽው ሲሉሽ ስሜን ጥሪ። ለእኔ አዝነሽ "አንድ መምህር" ብለሽ እንዳታልፊው። ብታሰርም ብፈታም የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት።

እወድሽ ነበር፣ አሁንም እወድሻለሁ፤ ይህንን የጻፍኩት ይቅር እንድትዪኝ አይደለም። ይቅር ብትዪኝም በስድስት መቶ አሥራ አንዱ ፈንታ አንቺ ይቅር ልትዪኝ አትችዪም።

ሸንጎው ሲቀመጥ ቁጥሩን ብቻ አትንገሪያቸው፤ ቁጥር ሰምተው ያውቃሉ። ከእትዬ ከሪማ ሰይድ ጀምረሽ ስሙን አንብቢላቸው። ይረዝማል። ሰዓት አለቀ ቢሉሽም አትቀመጪ።

በግንቦት 1976 የሾላ ምንጭ ቆጣሪ የነበርኩት፣
ሸረፈዲን ሀምዱ