ማኅተም ያረፈበት ይቅርታ

ለተከበሩ የፖሊስ ጣቢያችን የቤተሰብ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ፣ ጉልበትዎስ? በተቀመጡበት ወንበር ደህንነትዎ ይብዛልኝ። እኔ ከጣቢያዎ ጀርባ ልብስ የምሰፋው ሴትዮ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባሏ ሁለት የጎን አጥንቷን የሰበረባት የትምህርት ቤት ጸሐፊ ታላቅ እህት። የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው።

፩. ክስ ትዳር ያፈርሳል ብለው መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ሳይልኩ «በአማራጭ መፍትሔ» ስለዘጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰውየው ሦስት ግማሽ ቀን የንዴት መቆጣጠሪያ ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። እኔ ስፌት ለመማር ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል፤ ለካ ደነዝ ኖሬያለሁ።

፪. የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍ ስላሉም እግዜር ይስጥልኝ። ሰውየው ብዕር መያዝ ስለማይወድ እህቴን ይቅርታ የሚጠይቅበትን ደብዳቤ እሷኑ አስቀምጦ በራሷ እጅ አስጻፋት፤ ጎኗ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ እያቃሰተች ጻፈችው። እርስዎ ግን «ጸጸቱ አንሷል» ብለው መለሱት። ምን ታድርግ፣ እንደገና ቁጭ ብላ ጸጸት ጨመረችበት። ሁለተኛውን ሲያነቡ እንዲህ ያለ የተጣራ የእጅ ጽሑፍ የሰከነ ልብ ምልክት ነው ብለው አድንቀው ማኅተም አሳረፉበት። ያንኑ ጽሑፍ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ከሩቅ ይለየዋል። እርስዎ ከእሷው የአቤቱታ ማመልከቻ ጋር በአንድ ፋይል አስረው አስቀመጡት።

፫. «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል፤ አንቺም ትንሽ ቻል አድርጊው» ብለው ስለመከሯት እናታችንም ታመሰግንዎታለች። ቻለችው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቻለችው። በሃያኛው ቀን ሻይ ዘገየብኝ ብሎ መንጋጋዋን ሁለት ቦታ ሰበረው፤ የምስክር ወረቀቱ ያኔም በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር። «ምነው በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ብሎ ያለቀሰውን ሌባ መቼም ያውቁታል። እዚህ ግን የሚያለቅሰው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

፬. አሁን ደግሞ ሁለተኛ ቅጽ አዘጋጅተውልናል። እስከ ሐሙስ ድረስ እሷ ካልተቃወመች ሰውየው «ከፍተኛ» ሥልጠና ይገባና መዝገቡ ዳግመኛ ይዘጋል አሉ። ኧረ በሕግ አምላክ! እዚህ ላይ ትሕትናዬ አለቀብኝ፣ አይፍረዱብኝ። ያለችኝ አንዲት እህት ናት፣ በሕይወት እፈልጋታለሁ። መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይላኩት፣ ዳኛ ይየው። ሌላ የምለምንዎ የለኝም።

ለሰፈራችን ያለ ክስ፣ ያለ ችሎት፣ ያለ አንዳች ድካም ሰላም ላወረዱት ለእርስዎ፣ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ሹመትዎ እንዲደረብ የምመኝ፣

ታላቅ እህቷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅጹን ይዞ ሆስፒታል የመጣው ባልደረባዎ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው የገባው። ትስማማ እንደሆነ ጠየቃት። መንጋጋዋ በሽቦ ስለተያዘ አፏን መክፈት አትችልም፤ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘችለት፣ ደጋግማ። እሱም «ተበዳይ የተቃውሞ ቃል አልሰጠችም» ብሎ መዘገበ። አጠገቧ ነበርኩ፤ ልጁ አልዋሸም።